ባንዲራ የሌለው ምሰሶ

ያን ቅዳሜ ነፋሱ ገና ጎህ ሲቀድ ስለተነሣ ኦርቪል ስታንተን ቁርሱን የበላው ቆሞ ነው። አንድ ቁራሽ ዳቦ አፉ ውስጥ ይከትና ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ተመልሶ ቡናውን ፉት ይላል፣ ደግሞ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ዕድሜውን ሙሉ በዋዮሚንግ ሜዳ ላይ የተበተኑትን፣ በንፋስ ኃይል ለከብት ውሃ የሚስቡትን መዘውሮች ሲጠግን የኖረ ሰው ነውና ነፋስ ሲነፍስ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም።

«ብትቀመጥ እንቁላሉ አይነክስህም» አለችው ሚስቱ ኔቫ።

«ከምዕራብ ነው የሚነፍሰው። እዚያም እንደዚህ ከሆነ አለቀልን።»

«ከማድ ቤት ሆነህ አትተኩስ። ስንደርስ እኔ እነግርሃለሁ።»

የቤቱ ደንብ ይኸው ነው። እጁ የሱ፣ ዓይኑ የሷ። ኦርቪል የሚተኩስባት ሽጉጥ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ፣ በርሜሏ ክንድ የሚያክል፣ ጥይቷ ግን ከስኒ ማማሰያ ጫፍ የማትበልጥ፣ «ሃያ ሁለት» የሚሏት ናት። በእንዲህ ያለች ጥይት ሰዎች ጣሳ ይመቱባታል፤ ጥንቸል ያድኑባታል። የኦርቪል ክበብ አባላት ግን ሩቅ ላይ ከብረት የተቆረጡ ዶሮ፣ አሳማ፣ ተርኪ የተባለ ትልቅ የፈረንጅ ዶሮና ቀንዳም በግ አቁመው እነሱን ለመጣል ይወዳደሩባታል። ተኳሹ መሬት ላይ በጀርባው ይንጋለላል፤ ጉልበቱን አጥፎ በርሜሉን ከባቱ ጎን ያስደግፋል፤ የባሩዱ ፍንጣቂ ሱሪውን እንዳይበሳው ከጉልበቱ በታች ወፍራም ቆዳ ያስራል። ያቺ ቀላል ጥይት ሩቅ ስትሄድ ነፋስ እንደ ላባ ይጫወትባታል። ስለዚህ ከኋላው አንድ ሰው ባለሦስት እግር፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተክሎ ጥይቱ የት እንዳረፈ ይነግረዋል። ለኦርቪል ይህን የምታደርግለት ከተጋቡ ወዲህ ኔቫ ብቻ ነበረች፤ ሌላ ሰው ከኋላው ተቀምጦ አያውቅም።

ፒክአፑን የነዳችው እሷ ነች። ሌላውን ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምታሽከረክር ሴት በመሆኗ ሌላ ሰው ሲነዳ አጠገቡ መቀመጥ አትወድም። መንገዱ እንደ ገመድ የተዘረጋ ነው፤ ሁለት ጊዜ ግን የቀኝ ጎማቸው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወርዶ ጠጠሩን አንኮሻኮሸው።

«ኔቫ!»

«ነፋሱ ነው፤ አታየውም እንዴ!»

እውነትም ነፋሱ መኪናውን ይገፋ ነበር። ኦርቪል እግሩን የሌለ ፍሬን ላይ እንደ ረገጠ ደረሱ።

የተኩስ ሜዳው በሁለት ኮረብታዎች መካከል ነው። ክሊት ባስኮም ቀድሟቸው ደርሶ ከመኪናው ኋላ እቃውን ያወርዳል። ክሊትና ኦርቪል በየዓመቱ እየተፈራረቁ የሚያሸንፉ፣ በየዓመቱም የሚሰዳደቡ ወዳጆች ናቸው። መነጽር የምታይለት ልጁ ጆሊን ናት፤ በልጅነቷ በኔቫ አውቶቡስ ስትመላለስ ያደገች።

«ሽማግሌው፣ ዛሬ እንኳ በጊዜ መጣህ» አለ ክሊት። «ተንጋለህ ስትተኛ እንዳታንኮራፋ ብቻ አደራ።»

«አንተ ነህ ስትተኩስ የምትተኛው። ባለፈው ዓመት እንዲያ መስሎኝ ነበር።»

ኔቫ ሳቀች። ጆሊን ልታቅፋት ስትመጣ ግን ልጅቷ አጠገቧ እስክትደርስና «ሚስ ኔቫ!» እስክትላት ድረስ የኔቫ ፊት ላይ ምንም አልተነበበም። ኦርቪል ይህን አየ። የቀኑ ብርሃን ነው ብሎ አለፈው።

ውድድሩ ተጀመረ። ዶሮዎቹ ቅርብ ናቸው፤ አሳማዎቹም ብዙ አይርቁም፤ ሲመቱ ቀጭ ብለው ሲወድቁ ባዶ ዓይንም ያያቸዋል። ተርኪዎቹ ላይ አንድ ሳተ። ኔቫ ከኋላው «ቸኮልክ፣ ዝቅ ብሎ ሄደ» አለች፤ ልክ ነበረች፤ ጣቱ ምላጩን ሲስብ ራሱም ተሰምቶታል። መቶ ሜትር ላይ ካሉት በጎች የመጀመሪያዎቹ ተራ በተራ ወደቁ። ከዚያ አንዱን ሳተው።

«ከሆዱ በታች» አለች ኔቫ።

ኦርቪል የማነጣጠሪያውን ብሎን ትንሽ ወደ ላይ አዞረ። ደገመ፤ ሳተ።

«አሁንም ከታች ነው።»

በዚህ ጊዜ ከጎናቸው የአባቷን ተራ የምትጠብቀው ጆሊን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኦርቪል፣ ይቅርታ፣ ሁለቱም ከጀርባው በላይ ነው ያለፉት። አቧራው ከኋላው ሲነሣ አይቻለሁ» አለች።

ኔቫ ከመነጽሩ ቀና አላለችም። «እንግዲህ የክሊት ልጅ ለማን እንደምታይ ትወቅ» አለች። ሳቅ ነገር ጨምራበታለች። ጆሊን ደንግጣ ወደ ኋላ ተመለሰች።

ኦርቪል ያዞረውን ብሎን ወደ ነበረበት መለሰው፤ ቀጥሎም ትንሽ ዝቅ አደረገው። በጉ ወደቀ። ኔቫ የብረቱን ድምፅ ሰምታ «አልኩህ!» አለች። ምን እንዳለችው ግን አልገባውም።

ጥይት የቀረው ቢሆንም ልቡ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ አልነበረም። እጁ የለመደውን ሠራ። ሲያበቃ እሱና ክሊት እኩል መጡ። እኩል የመጡ ሰዎች በክበቡ ልማድ ሁለት መቶ ሜትር ላይ በሰንሰለት በተንጠለጠለው በግ ይለያያሉ። ያ በግ አይወድቅም፤ ሲመታ ይደወላል። ድምፁም ከዚያ ሁሉ ርቀት ተጉዞ ሲመለስ ሰው ስቻለሁ ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ነው የሚደርሰው።

መጀመሪያ ምሳ ተበላ። ሰዎቹ ከመኪኖቻቸው ጀርባ ነፋስ ከልለው የበሬ ሥጋ በዳቦ ይዘው ቆሙ። ኔቫ የክሊትን ሚስት ስታወራ ክሊት ኦርቪልን ወደ ጎን ወሰደው።

«እዚያ ታች በጉ አጠገብ ያለውን የነፋስ ማሳያ ባንዲራ ነፋሱ ሌሊት ቀዶ ወስዶታል» አለው። «መሰላል የያዘ ሰው ስላልነበረ ሌላ አልሰቀልንም። ምሰሶው ብቻ ነው የቆመው። ለሁለታችንም እኩል ነው ብዬ ነው፤ ካልፈለግህ እናዘግየው።»

«ለኔ ችግር የለውም። ሣሩን አያለሁ።»

«አንተማ ነፋስ ያሳደገህ ነህ።»

ኦርቪል ወደ ሚስቱ ተመለሰ። ሊጠይቃት የሚፈልገውን ነገር አፉ ላይ ይዞት ሁለት ጊዜ መኪናውን ዞረ። የመኪናውን በር ከፈተ፣ ዘጋ። ጥይቱን ቆጠረ፣ መልሶ ከተተ። በመጨረሻ ነገሩን እንደ ዋዛ አድርጎ «እስቲ በመነጽሩ እይልኝ፣ የታችኛው ባንዲራ ወዴት ነው የሚውለበለበው?» አላት።

ኔቫ ጎንበስ ብላ ዓይኗን መነጽሩ ላይ ደገነች። ጊዜ ወሰደች። የመነጽሩን ቀለበት ወዲህ ወዲያ አዞረች። ነፋሱ ፀጉሯን ከግራ ወደ ቀኝ ይበትነዋል።

«ከግራ ወደ ቀኝ ነው» አለች። «ጠንከር ብሏል፤ ጨርቁ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል።»

ኦርቪል አጠገቧ ቆሞ የሌለው ባንዲራ የተዘረጋበትን ባዶ ምሰሶ በራሱ ዓይን ተመለከተው። ከዚህ ሆኖ ክር ይመስላል። ወዲያው ያለፉት ወራት ሁሉ ትውስ አሉት፤ ጋዜጣ ማንበብ መተዋ፣ መርፌ ክር አስገባልኝ ማለቷ፣ ገበያ ላይ ሰዎች ሰላም ሲሏት ዘግይታ ፈገግ ማለቷ። ደግሞም ሰኞ። ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል።

«ምን ሆንክ?» አለች ኔቫ።

«ምንም። ነፋሱ።»

በስማቸው ሲጠሩ ኦርቪል ሄዶ ተንጋለለ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። በሕዝብ ፊት ሊያዋርዳት አልፈለገም፤ መነጽሩን ከሷ ወስዶ ለሌላ መስጠት ደግሞ ከማዋረድ አይለይም። በርሜሉን ከባቱ ጎን አሳረፈ። እግሩ እንደ ድሮው ድንጋይ አልሆነለትም፤ ጡንቻው ውስጥ ጉንዳን ይሄዳል። ተነፈሰ፣ ግማሹን አስቀረ፣ ሳበ።

ዝም። ከዚያ ከሩቅ፣ ቱን።

ሁለተኛውን ሲተኩስ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ድምፅ አልመጣም።

«እግርህን ገፋኸው» አለች ኔቫ ወዲያው። «ወደ ግራ፣ ዝቅ ብሎ።»

ልክ ናት። በጉን አይታ እንዳልሆነ ግን አሁን ገባው። ስታይ የኖረችው እሱን ነው፤ ትከሻውን፣ የጫማውን ጫፍ፣ አተነፋፈሱን። ከእጁ የመጣውን ስሕተት ከሱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ከነፋሱ የሚመጣውን ግን ከየት ታምጣው?

ሦስተኛዋን ጥይት በደንብ ለቀቃት። ሲስብ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ እንዲያ ያለ ጥይት መምታት አለበት። ድምፅ ግን አልመጣም። ኦርቪል ቀና ብሎ በበጉ ሥር ያለውን ሣር አየ፤ ከታች ሸለቆው ውስጥ ነፋሱ ተገልብጦ ከቀኝ ወደ ግራ ሣሩን አስተኝቶታል። ኔቫ ከወትሮው በላይ ዘገየች።

«ትንሽ… ከፍ ብሏል» አለች።

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጆሊን መሬት መሬት ታያለች። ኦርቪል የሚያደርገውን ያውቃል፤ አፈሙዙን ወደ ቀኝ ቢወስደው ይመታል። ወደ ቀኝ አልወሰደውም። እሷ እንዳለችው ዝቅ አድርጎ ተኮሰና ሳተ። የመጨረሻዋንም እንዲሁ።

ክሊት ተንጋሎ ከአምስት ጥይቱ በሦስቱ አስደወለ።

«ለበጉ ራራህለት መሰለኝ» አለ ክሊት እጁን ሲጨብጠው። ፊቱን ሲያይ ግን ቀልዱን አልቀጠለበትም። «ኦርቪል፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። እንኳን ደስ ያለህ።»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ኔቫ እንደ ልማዷ ወደ መሪው በኩል ዞረች። ኦርቪል በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ልንዳ ብዬ ነው።»

«ተሸንፈህ በንዴት ልትነዳ? ዞር በል።»

«ኔቫ፣ ቁልፉን።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሷ ግን ከተጋቡ ወዲህ እንዲህ ሲናገራት ሰምታ ስለማታውቅ ቁልፉን መዳፉ ላይ ጣለችው፤ ሄዳም ሌላው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሜዳው ወጥተው አስፋልቱን እስኪይዙ ኔቫ የመስኮቱን መክፈቻ ታዞራለች፤ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«በመነጽሩ ያየሽው ባንዲራ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?» አላት።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ቀይ ነዋ። ሁልጊዜ ቀይ ነው።»

«ባንዲራ አልነበረም። ሌሊት ነፋስ ወስዶታል።»

መስኮቱ ግማሽ ላይ ቆመ። ኔቫ ወደ ውጭ ፊቷን አዞረች።

«ፈተንከኝ ማለት ነው» አለች።

«አዎ።»

«እንደ ሌባ።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«የቀኙ በበረዶው ወራት። ግራው በሰኔ ተከተለ። ካስፐር ከተማ ያለው የዓይን ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፤ እህቴ ጋ ነው የምሄደው ብዬህ የሄድኩ ዕለት። በመርፌ ባለበት ሊያቆሙት ይችሉ ይሆናል፤ የሄደው ግን አይመለስም አለኝ። ዳር ዳሩ ደህና ነው፤ መሃሉ ነው የጠፋው። አንድ ሰው አውራ ጣቱን መስታወት ላይ እንዳሳረፈ ነገር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልበልህ? አውቶቡሱ ሄደ፣ መነጽሩ ሄደ፣ ቁጭ ብዬ ነፋስ ልስማ?»

«ሰኞ ምን ልታደርጊ ነበር?»

የተለመደ ንዴቷ መጣባት። «መንገዱን ከነጉድጓዱ አውቀዋለሁ! ልጆቹንም አንድ በአንድ በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ልሥራና ከዚያ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ሳምንት ምን አላት?»

«ድምፁን ያላሰማ ልጅስ?»

«አሁን አንተ ክፉ ሆንክ» አለችና መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋችው።

እሑድ ማለዳ ኦርቪል ጓሮው ውስጥ ሥራ ይፈልግ ነበር። ደህናውን አጥር ጠገነ። የተሳለውን መጥረቢያ ሳለ። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቶ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሊደውል ፈለገና መልሶ አስቀመጠው። እሱ ከደወለ ሥራዋን ከእጇ መንጠቅ ይሆናል፤ ካልደወለ ደግሞ ነገ ጠዋት ሃያ ልጅ ይሳፈራል። በዚህ መሃል ኔቫ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

«አምጣው መኪናውን» አለች። «ዓይኔ ይለካ። አንተ ፈትነኸኛል፤ አሁን እኔ ራሴን ልፈትን። ማየት ከቻልኩ አፍህን ትዘጋለህ።»

«ካልቻልሽስ?»

«ንዳ።»

የአውቶቡሷ የመጀመሪያ ፌርማታ ወደሆነው፣ የሆልተሮች ቤተሰብ ፖስታ ሣጥን ወደቆመበት ጥርጊያ መንገድ ወሰዳት። ከሣጥኑ ራቅ ብለው ቆሙ። እሷ በመሪው በኩል እንድትቀመጥ አደረገ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከኋላ ጭድ የተጠቀጠቀበት የከብት መኖ ጆንያ አወረደ፤ ቁመቱ የስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ከላዩ ቢጫ የዝናብ ልብሱን አለበሰው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። አስቀምጬ ስጠራሽ ትገልጫለሽ።»

ተሸክሞት ሄደ። መጀመሪያ ከሣጥኑ አጠገብ ሊያቆመው ነበር፤ ከዚያ ሐሳቡን ለወጠና መንገዱ መሃል፣ ከመኪናው ፊት ለፊት አቆመው። እሱ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ጎንበስ አለ።

«ግለጪ!»

ኔቫ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ተመለከተች። አንገቷን አልሰበቀችም፤ አውቶቡስ እንደሚነዳ ሰው ቀጥ ብላ ነው ያየችው።

«ሣጥኑን አያለሁ!» ብላ ጮኸች በመስኮቱ። «አጥሩን አያለሁ። አንተን ቦዩ ውስጥ አየሁህ፤ መደበቅህ ነው? ጆንያው ግን… ከሣጥኑ ኋላ ነው። ከኋላ ደብቀኸዋል። ይሄ ማታለል ነው፤ ማን ልጅ ነው እዚያ የሚቆም!»

ኦርቪል ከቦዩ ወጣ። መንገዱ መሃል ሄዶ ጆንያው ትከሻ ላይ እጁን አሳረፈ። ክንዱ ከጎን ገብቶ መሃል ላይ ሲጠፋባት ታየው፤ ፊቷ ላይ ታየው። ያኔ አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች፤ በዓይኗ ጠርዝ ስትፈልገው ቢጫው ልብስ ድንገት በራላት። ለረጅም ጊዜ እንዲያ አንገቷን አዘንብላ ቆየች። ከዚያ እጇን ከመሪው ላይ አነሣች፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ ጭኗ ላይም አስቀመጠቻቸው።

ተመልሶ በሩን ሲከፍት አላለቀሰችም። «መሃል መንገድ ላይ» ብቻ አለች። «ኦርቪል፣ መሃል መንገድ ላይ ነበረ እኮ።»

«አዎ።»

«ወደ ቤት ውሰደኝ፤ ልደውል።»

እሷ ነች የደወለችው። ርዕሰ መምህሩን እሑድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለሰ ምሳው ላይ አገኘችው። ሳታለሳልስ ነገረችው፤ ሐኪሙ ያለውንም፣ በሰኔ መናገር ሲገባት ዝም ማለቷንም። ሰውየው የመለሰላትን ኦርቪል አልሰማም፤ ኔቫ ግን «አይ፣ መመስገን የሚገባኝ ሰው አይደለሁም» ብላ ዘጋችው።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ በደጃቸው ሲያልፍ ኔቫ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር፤ ሌላ ሹፌር ነው የያዘው። ዓይኗን ሳይሆን ጆሮዋን ወደ መንገዱ አዙራ እስኪርቅ ጠበቀች።

«ማርሹን ዘግይቶ ነው የሚቀይረው» አለች። «ዳገቱ ላይ ያንገራግርበታል። ደውዬ ልንገረው?»

«ዛሬ እንኳ ተይው።»

«ለምን እተወዋለሁ? ልጆች ነው የያዘው።» በረንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት፤ ተመለሰች፤ ደረጃውን ወርዳ ደግሞ ወጣች። «እሺ፣ በኋላ እደውላለሁ። አሁን ካስፐር እንሂድ። መርፌውን ይወጉኝ። ዓይን ላይ ነው አሉ የሚወጉት። ሰምተህ ታውቃለህ እንዲህ ያለ ነገር?»

«አልሰማሁም።»

«እኔም።» ቦርሳዋን አንሥታ በዚያ በነፋሱ ውስጥ ወደ መኪናው አመራች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆማ ጠበቀችው። ኦርቪል ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ሲያገላብጥ ሳንቲሙ መሬት ላይ ተበተነ፤ እሷ አይታው ይሁን ድምፁን ሰምታ ሳይታወቅ «ቀስ በል፣ ቸኮልክ» አለችው።